የምግብን ኃይል የመዘነው ሊቅ፤ የዊልበር አትዎተር ታሪክ

ነጋዴ ማታ ሱቁን ከዘጋ በኋላ መዝገቡን ገልጦ ያገባውንና ያወጣውን ይቈጥራል። ገቢው ከወጪው የበለጠ እንደ ሆነ ተረፈው፤ ወጪው የበለጠ እንደ ሆነ ግን ከጥሪቱ እየቀነሰ ይኖራል። የሰውም ሰውነት እንዲሁ ገቢና ወጪ አለው። ገቢው ምግብ ነው፤ ወጪውም ሙቀትና ሥራ ነው። ተኝተን ሳለን እንኳ ልባችን ይመታል፥ ደረታችን ይተነፍሳል፥ ገላችንም ይሞቃል፤ ይህ ሁሉ ወጪ ነው። እንጨት ስንፈልጥ፥ ውኃ ስንቀዳ፥ ዳገት ስንወጣ ደግሞ ወጪው ይበዛል። ገቢው የተረፈ እንደ ሆነ ስብ ሆኖ ይቀመጣል፤ ያነሰ እንደ ሆነ ግን ሰውየው ይከሳል።

የነጋዴው ሒሳብ በብር ስለሚቈጠር ቀላል ነው። የሰውነት ሒሳብ ግን በምን ይቈጠራል? ሙቀት በእጅ አይጨበጥም፤ በስፍርም አይሰፈርም። ስለዚህ ብዙ ዘመን ሰዎች ሒሳቡ እንዳለ እየጠረጠሩ ድምሩን ሳያውቁ ኖሩ። ይህን ሒሳብ በሕያው ሰው ላይ አጥርቶ የደመረው ዊልበር ኦሊን አትዎተር የሚባል አሜሪካዊ ሊቅ ነው።

አትዎተር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1844 ዓ.ም.፥ በእኛ አቈጣጠር በ1836 ዓ.ም.፥ በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር ጆንስበርግ በምትባል ስፍራ ተወለደ። (ከዚህ በኋላ የሚጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) አባቱ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ነበረ። በዚያን ዘመን በአሜሪካ ስካር ብዙ ቤት ያፈርስ ስለ ነበረ፥ ሜቶዲስቶች መጠጥን አጥብቀው ይቃወሙ ነበር፤ ልጁም ያደገው በዚሁ ትምህርት ነው። ልጆች ሆይ፥ ይህን ነገር ልብ አድርጉ፤ ሰውየው ካረጀ በኋላ የመጣበት ፈተና ከዚህ የተነሣ ነውና።

በወጣትነቱ በቬርሞንት ተማረ፤ ከዚያም በኮነቲከት ክፍለ ሀገር በሚድልታውን ከተማ ወዳለው ወደ ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ሄደ። ትምህርቱን የፈጸመው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ባለቀበት በ1865 ዓ.ም. ነው። ቀጥሎም በዬል ኬሚስትሪ ተምሮ በ1869 ዓ.ም. የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ። የጻፈውም ጽሑፍ ስለ በቈሎ ነበረ፤ በቈሎ ከምን ከምን እንደ ተሠራ በልዩ ልዩ መመርመሪያ ፈትኖ አሳየ። ለሊቅነት መጀመሪያ ይህ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በቈሎ የሰውም የከብትም ምግብ ነው፤ ውስጡ ያለውን ማወቅ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚህ በኋላ ወደ ጀርመን አገር ተሻግሮ በላይፕሲግና በበርሊን ተማረ። በዚያ አገር አንድ የሚያስቀና ነገር አየ። ጀርመኖች የእርሻን ነገር የሚመረምሩበት ልዩ ጣቢያ ሠርተው ነበር። ገበሬው ማዳበሪያ ሲገዛ ሻጩ አሸዋ ቀላቅሎበት እንደ ሆነ ይመረመርለታል፤ ላሙም ምን ያህል ብትበላ ምን ያህል ወተት እንደምትሰጥ ይመዘንለታል። አትዎተር ይህን ሐሳብ ይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ። በዌስሊያን የኬሚስትሪ መምህር ከሆነ በኋላ ሰዎችን እየለመነና እያስረዳ፥ በ1875 ዓ.ም. በአሜሪካ የመጀመሪያው የእርሻ መመርመሪያ ጣቢያ በሚድልታውን እንዲከፈት አደረገ። ጣቢያው ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ኒው ሄቨን ተዛወረ፤ እሱ ግን በዌስሊያን ቀረ።

እንግዲህ የሰው ጠባይ አስገራሚ ነው፤ የከብቱን ገፈራ ከመዘነ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው የልጁን እራት ለመመዘን ያሰበው። አትዎተርም በመጀመሪያ የማዳበሪያንና የሣርን ነገር መረመረ፤ ቀጥሎም የአገሩ መንግሥት ስለ ጠየቀው የዓሣን ሥጋ መረመረ። ከዓሣ ወደ ሌላው የሰው ምግብ አለፈ። በ1882 ዓ.ም. ደግሞ እንደ ገና ወደ ጀርመን ሄዶ በሙኒክ ከተማ ካርል ፎን ፎይት ከሚባለው ታላቅ ሊቅ ዘንድ ተቀመጠ።

ስለ ሰውነት ገቢና ወጪ ያሰበ የመጀመሪያው ሰው አትዎተር አይደለም። ከእሱ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ቀድሞ ሳንቶርዮ የሚባል ኢጣልያዊ ሐኪም ወንበሩን በትልቅ ሚዛን ላይ አንጠልጥሎ፥ ሲበላ፥ ሲተኛና ሲነሣ ብዙ ዓመት ራሱን ይመዝን ነበር። ከሰውነቱ በሚታይ መንገድ የሚወጣው ከገባው እጅግ ያነሰ መሆኑን አየ፤ የቀረው ወዴት እንደሚሄድ ግን አጥርቶ አላወቀም። በ1783 ዓ.ም. ደግሞ የፈረንሳዩ ሊቅ ላቩዋዝዬ ከጓደኛው ከላፕላስ ጋር ሆኖ አንዲት ትንሽ እንስሳ በበረዶ መካከል አስቀመጠ። የቀለጠውን በረዶ መዝኖ፥ እንስሳዪቱ የሰጠችውን ሙቀት ዐወቀ። ከዚህም የተነሣ መተንፈስ ማለት ዝግ ያለ መቃጠል መሆኑን፥ በመብራት ውስጥ ዘይት እንደሚቃጠል እንዲሁ በሰውነት ውስጥ ምግብ እንደሚቃጠል አስተማረ። ይህ ሊቅ ምርመራውን ሳይጨርስ በ1794 ዓ.ም. በአገሩ አብዮት ጊዜ አንገቱ ተቈረጠ። ከዚያ በኋላ የፎይት ደቀ መዝሙር የሆነው ማክስ ሩብነር የውሻን ገቢና ወጪ አመዛዝኖ በ1894 ዓ.ም. ውጤቱን ገለጠ። የቀረው ሰው ነበረ።

እዚህ ላይ ካሎሪ የሚባለውን መስፈሪያ መረዳት ያስፈልጋል። አንድ ኪሎ ውኃ በአንድ ዲግሪ እንዲሞቅ የሚያደርግ ሙቀት አንድ ካሎሪ ይባላል፤ ዛሬ ሊቃውንት ኪሎካሎሪ ይሉታል። የአንድ ምግብ ኃይል እንዲታወቅ፥ ምግቡ ደርቆና ተመዝኖ በብረት ዕቃ ውስጥ ይገባል፤ ዕቃው በውኃ ውስጥ ይነከራል፤ ምግቡም በኦክሲጅን ይቃጠላል። ውኃው ምን ያህል እንደ ሞቀ ታይቶ ካሎሪው ይቈጠራል። አትዎተር በ1887 ዓ.ም. በአንድ የታወቀ መጽሔት ስለዚህ ነገር ለሕዝቡ መጻፍ ጀመረ። በዚያን ጊዜ ካሎሪ የሚለውን ቃል ከሊቃውንት በቀር የሚያውቀው አሜሪካዊ ጥቂት ነበረ።

በ1888 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የእርሻ ጣቢያዎቹን ሁሉ የሚያስተባብር መሥሪያ ቤት ሲያቋቋም፥ አትዎተር የመጀመሪያው ሹም ሆነ። ሹመቱ ግን ልቡን አልያዘውም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ላቦራቶሪው ተመለሰ። በ1894 ዓ.ም. የአገሩ ምክር ቤት ስለ ሕዝቡ ምግብ እንዲመረመር 10,000 ዶላር ሲፈቅድ ሥራው ለእሱ ተሰጠ።

ያን ጊዜ የፋብሪካ ሠራተኞች ከሚያገኙት ደመወዝ ግማሽ ያህሉን ለምግብ ያወጡ ነበር። ስለዚህ አትዎተርና ረዳቶቹ ከቤት ወደ ቤት እየሄዱ መመዘን ጀመሩ። አንድ ቤተ ሰብ ለምርመራ ፈቃደኛ በሆነ ጊዜ፥ በመጀመሪያው ቀን በቤቱ ያለው ዱቄት፥ ቅቤ፥ ሥጋና ድንች ሁሉ ይመዘናል። ከዚያ በኋላ ወደ ቤት የሚገባው ሁሉ፥ ወደ ጥራጊ የሚጣለውም ሁሉ ይመዘናል። በመጨረሻው ቀን የቀረው ይመዘንና ቤተ ሰቡ የበላው ይታወቃል። በዚህ ዓይነት የሜካኒኮችን፥ የተማሪዎችን፥ የገበሬዎችን፥ የድኾችንም ማዕድ መረመሩ። በአላባማ ክፍለ ሀገር በተስኪጊ ትምህርት ቤት አጠገብ ወደሚኖሩት ጥቁር ገበሬዎች ጐጆ ሳይቀር ሄደው የሚበሉትን መዘኑ። ከዚህም የተገኘውን በ1896 ዓ.ም. የአሜሪካን ምግቦች ዝርዝር የያዘ ሰንጠረዥ አድርጎ ከባልንጀራው ከቻርልስ ዉድስ ጋር አሳተመ።

ይህ ሁሉ ግን ገቢው ብቻ ነው። ሰው የበላውን ስንመዝን፥ ሰውነቱ ምን ያህሉን እንዳወጣ ገና አላወቅንም። ወጪውን ለማወቅ ሰውየው ራሱ በመለኪያ ውስጥ መግባት ነበረበት።

አትዎተር ይህን ሥራ በ1892 ዓ.ም. ኤድዋርድ ሮዛ ከሚባል የፊዚክስ ሊቅ ጋር ጀመረ። በዌስሊያን በጃድ አዳራሽ ምድር ቤት አንድ ክፍል የሚያህል ሣጥን ሠሩ። ርዝመቱ ከ2 ሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ ወርዱ 1 ሜትር ከሩብ ያህል ነው፤ ቁመቱም 2 ሜትር አይሞላም። የውስጠኛው ግድግዳ መዳብ፥ ቀጥሎ ያለው ዚንክ፥ የውጭኛው ደግሞ እንጨት ነበረ። በግድግዳዎቹ መካከል ያለውም አየር ሙቀቱ እንዳይዛባ ይጠበቅ ነበር፤ ሙቀት በግድግዳው በኩል ሾልኮ ያመለጠ እንደ ሆነ ሒሳቡ ሁሉ ይበላሻልና። በሣጥኑ ውስጥ የሚታጠፍ አልጋ፥ ወንበር፥ ጠረጴዛ፥ ከውጭ ሰዎች ጋር የሚነጋገሩበትም ስልክ ነበረ። ብርሃን በመስተዋት ይገባል። ምግብ ድርብ መዝጊያ ባላት ትንሽ መስኮት ይገባል፤ ሽንቱና ዐይነ ምድሩም በዚያችው መስኮት ወጥቶ ይመዘናል፥ ይመረመራል። እዚህ ላይ የሚሥቅ ልጅ አይጠፋም፤ ነገር ግን ይህ ባይመዘን ኖሮ ሳይቃጠል የወጣው ምግብ ከምን ይታወቅ ነበር?

ከሰውየው ገላ የሚወጣውን ሙቀት የሚቀበለው በሣጥኑ ውስጥ በመዳብ ቧንቧ የሚዞር ቀዝቃዛ ውኃ ነበረ። ውኃው ሲገባና ሲወጣ ሙቀቱ ይለካል፤ የውኃውም ክብደት ይመዘናል። ከሰውየው ትንፋሽ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድና እንፋሎትም ይመዘን ነበር። ረዳቶቹ ቀንም ሌሊትም እየተፈራረቁ በየጥቂት ደቂቃው ቴርሞሜትሩን እያዩ ይጽፉ ነበር።

መሣሪያው ሰው ከመግባቱ አስቀድሞ ራሱ ተፈተነ። በውስጡ በኤሌክትሪክ ኃይል የታወቀ ሙቀት አደረጉበት፤ የተመዘነ አልኮልም በመብራት አቃጠሉበት፤ መሣሪያው የቈጠረው ሙቀት ከሚያውቁት ጋር ትክክል ሆነ። ሚዛኑን ሳይፈትን እህል የሚሰፍር ነጋዴ ስንት ነው! አትዎተር ግን በዚህ ነገር ትዕግሥቱ ብዙ ነበረ፤ መሣሪያው እስኪሰምርለት ድረስ አያሌ ዓመታት ፈጀበት።

ከ1896 ዓ.ም. ጀምሮ ሰዎች በሣጥኑ ውስጥ ገብተው መቀመጥ ጀመሩ። ከእነሱ አንዱ የላቦራቶሪው ሠራተኛ ነበረ፤ ሌሎቹም ወጣት የፊዚክስና የኬሚስትሪ ተማሪዎችና መምህራን ነበሩ። ብዙውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ቀንና ሌሊት በዚያ ይቈያሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ አስበልጠው ይቈያሉ። በዕረፍት ቀን ሰውየው ያነባል፥ ይጽፋል፥ ይተኛል። በሥራ ቀን ደግሞ ከቦታው በማይንቀሳቀስ ብስክሌት ላይ ተቀምጦ ስምንት ሰዓት ያህል ይረግጣል፤ የብስክሌቱ መንኰራኵር ዲናሞ ስለሚያዞር የሥራው ኃይል በኤሌክትሪክ ይለካል። ጋዜጦችም ነገሩን ሰምተው፥ በመዳብ ሣጥን ስለ ተዘጋው ሰው እየጻፉ አንባቢን ያስደንቁ ነበር።

ምን ተገኘ? አንድ ጐልማሳ ሰው ዐርፎ የዋለ እንደ ሆነ በአንድ ቀንና ሌሊት ከ2,000 ካሎሪ በላይ ያወጣል። ይህ ምንም ያልሠራበት ቀን ነው። ይህ ሙቀት በአንድነት ቢሰበሰብ፥ እንደ በረዶ የቀዘቀዘ 20 ሊትር ውኃ እስኪፈላ ድረስ ማሞቅ ይችላል። ያው ሰው በብስክሌት ሲሠራ የዋለ እንደ ሆነ ግን ወጪው ወደ 4,000 ካሎሪ ይጠጋል። ሁለቱን ቀኖች ስናነጻጽር፥ በማሳው ሲቈፍር የሚውል ሰው ለምን ብዙ እንጀራ እንደሚያስፈልገው በቍጥር ይታያል።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። የገባው ምግብ ኃይል ተቈጥሮ፥ ሳይቃጠል የወጣው ተቀንሶ፥ ከሰውነቱም ስብ የጐደለው ወይም የተጨመረው ታስቦ፥ በሌላ ወገን ደግሞ የወጣው ሙቀትና ሥራ ተደምሮ ሁለቱ ድምሮች ጐን ለጐን ሲቀመጡ እኩል ሆኑ። በብዙ ቀናት የተደረገው ፈተና ሲደመር ልዩነቱ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አልሞላም። ኃይል ከምንም አይፈጠርም፥ ጠፍቶም አይጠፋም የሚለው የሊቃውንት ሕግ በምድጃና በባቡር ላይ ብቻ ሳይሆን በሕያው ሰው ላይም እንደሚሠራ ታወቀ። ፍራንሲስ ቤነዲክት የሚባለው ረዳቱም በኋላ መሣሪያውን አሻሽሎ፥ ሰውየው የሚስበው ኦክሲጅን ራሱ እንዲመዘን አደረገ።

እንግዲህ ወደዚያ ልብ አድርጉ ወዳልኋችሁ ነገር እንመለስ። በዚያን ዘመን በአሜሪካ መጠጥን የሚቃወሙ ማኅበሮች እጅግ በርትተው ነበር። ከእነዚህም ዋነኛው የክርስቲያን ሴቶች የመጠጥ ተቃዋሚ ማኅበር ነበረ። ማኅበሩ ልጆች በትምህርት ቤት ስለ መጠጥ ክፋት እንዲማሩ በየክፍለ ሀገሩ ሕግ አስወጣ፤ የመማሪያ መጻሕፍቱንም ሜሪ ሃንት የምትባል ብርቱ ሴት እየመረመረች ታጸድቅ ነበር። ከእነዚያ መጻሕፍት ብዙዎቹ አልኮል በጥቂቱም ቢሆን መርዝ ብቻ ነው፥ ለሰውነት አንዳች ኃይል አይሰጥም ብለው ያስተምሩ ነበር።

አትዎተር ይህ እውነት መሆኑን በሣጥኑ ለመፈተን ቈረጠ። በሣጥኑ ውስጥ ላለው ሰው በቀን 70 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ከመጠጥ ወይም ከውኃ ጋር ቀላቅሎ በጥቂት በጥቂቱ እየከፋፈለ ሰጠ፤ በዚያውም ልክ ከስብና ከስኳር ወገን የሆነውን ምግብ ቀነሰ። ሒሳቡም ሲደመር፥ ከተጠጣው አልኮል ከመቶ 98 እጅ የሚበልጠው በሰውነት ውስጥ ተቃጥሎ ተገኘ። የሰጠውም ሙቀት ገቢውና ወጪው እኩል በሆነበት ሒሳብ ውስጥ እንደ ሌላው ምግብ ሙሉ ሆኖ ተቈጠረ።

ይህ ነገር በ1899 ዓ.ም. በተሰማ ጊዜ ታላቅ ጩኸት ሆነ። የሰባኪ ልጅ፥ ሜቶዲስቶች በመሠረቱት ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሰው፥ ለጠጪዎች ጠበቃ ሆነ ተባለ። ማኅበሮቹ ነቀፉት፤ የአባቱ ወገኖች የነበሩት የቤተ ክርስቲያን ሰዎችም አዘኑበት። በሌላ ወገን ደግሞ ከዚህ የከፋ ነገር መጣ፤ መጠጥ ሻጮች ውጤቱን እንደ ምስክር ይዘው፥ መጠጥ ምግብ ነው እያሉ ለገበያቸው ማስታወቂያ አደረጉት። አትዎተር በሁለቱም ወገን ተጨነቀ። እሱ አልኮል ይቃጠላል፥ ኃይልም ይሰጣል አለ እንጂ ለሰው መልካም ነው አላለም። አልኮል ሥጋን አይገነባም፤ ብዙ የጠጣውን ሰው ያበላሻል፤ ይህንም ደጋግሞ ተናግሯል። ዛሬም ሐኪሞች አልኮል ጉበትን እንደሚጐዳ፥ ለነቀርሳም ምክንያት እንደሚሆን አረጋግጠዋል። እንጨትም መርዘኛ እንጨትም በምድጃ ሲነድዱ ሁለቱም ሙቀት ይሰጣሉ፤ ጢሳቸው ግን አንድ አይደለም።

ቍጥሩን ቢደብቅ ወይም ጥቂት ቢያዛባው ኖሮ ወዳጆቹ ባመሰገኑት ነበር። እሱ ግን ልጆችን ከመጠጥ ለማራቅ ሐሰት ማስተማር አይገባም የሚል ሐሳብ ነበረው፤ ልጁ አድጎ ሐሰቱን ያወቀ ዕለት እውነቱንም አብሮ ይጥለዋል ብሎ ያስብ ነበር። ስለዚህ ቍጥሩን እንዳለ በ1902 ዓ.ም. ከቤነዲክት ጋር አሳተመ። ክርክሩ ግን አልበረደም። በእኔ አስተያየት ሃንትና ባልንጀሮችዋም የስካርን መከራ በዓይናቸው ያዩ ስለ ሆኑ ቍጣቸው ከንቱ አልነበረም፤ የተሳሳቱት ቍጥሩን በቍጣ ለመለወጥ በመፈለጋቸው ነው።

አትዎተር ራሱ የተሳሳተበት ነገርም አለ። ለድኻ ሠራተኛ ሲመክር፥ በትንሽ ገንዘብ ብዙ ካሎሪና ፕሮቲን የሚሰጠውን ምግብ፥ ዱቄትን፥ ባቄላንና የመሳሰለውን፥ ግዛ ይል ነበር። ጐመንና ፍራፍሬ ግን ካሎሪያቸው ጥቂት ስለ ሆነ ገንዘብ ማባከን ይመስሉት ነበር። በጐመንና በፍራፍሬ ውስጥ ያለው ቪታሚን ገና አልታወቀም ነበር፤ ስሙ እንኳ የወጣው በ1912 ዓ.ም. ነው። ሠራተኛ በቀን 125 ግራም ፕሮቲን መብላት አለበት ያለውም ከሚያስፈልገው የበዛ መሆኑን፥ በ1904 ዓ.ም. ራስል ቺተንደን የሚባል የዬል ሊቅ አሳየ። የካሎሪ ሚዛን ካሎሪን ብቻ ይመዝናል፤ ሌላውን ለመመዘን ሌላ ሚዛን ያስፈልግ ነበር።

ከሥራው ሁሉ በየዕለቱ የሚሠራበት አንድ ትንሽ ሒሳብ ነው። በሰውነት ውስጥ 1 ግራም ፕሮቲን 4 ካሎሪ፥ 1 ግራም ስብ 9 ካሎሪ፥ 1 ግራም ስታርች ወይም ስኳር 4 ካሎሪ ይሰጣል፤ 1 ግራም አልኮልም 7 ካሎሪ ይሰጣል። እስኪ እናንተም አስሉት፤ አንድ ምግብ 10 ግራም ፕሮቲን፥ 5 ግራም ስብና 60 ግራም ስታርች ቢኖረው፥ 40 እና 45 እና 240 ተደምሮ 325 ካሎሪ ይሆናል። የእንጀራም ቢሆን የስንዴ ዳቦ፥ የሩዝም ቢሆን የድንች፥ ሒሳቡ ያው ነው። ዛሬ በሱቅ በሚሸጠው የታሸገ ምግብ ላይ የሚጻፈው የካሎሪ ቍጥር የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ሒሳብ ነው።

በ1904 ዓ.ም. አትዎተርን ድንገተኛ የአንጐል ሕመም መታው። ከዚያ በኋላ ሥራ መሥራት አልቻለም፤ ሦስት ዓመት ያህል ታሞ በመስከረም ወር 1907 ዓ.ም. በሚድልታውን ሞተ። ቤነዲክት በቦስተን አዲስ የምግብ መመርመሪያ ቤት አቋቁሞ ሥራውን ቀጠለ፤ የአትዎተር ልጅ ሄለንም ስለ ምግብ ለሕዝብ የሚሆኑ ጽሑፎችን በመጻፍ ታወቀች።

የመዳቡ ሣጥን አንድ ነገር ይጐድለው ነበር፤ በውስጡ የተቀመጠ ሰው እንደ ልማዱ አይኖርም። ገበያ አይሄድም፥ ልጁን አያዝልም፥ አያርስም። ስለዚህ ሊቃውንት ሰው በቤቱና በሥራው ላይ ሳለ ወጪውን የሚለኩበት መንገድ ፈለጉ። በ1982 ዓ.ም. ይህ መንገድ በሰው ላይ ተሠራበት። ሰውየው ከተራው ጥቂት የሚከብድ ሃይድሮጅንና ኦክሲጅን ያለበት፥ ጉዳት የሌለው ውኃ ይጠጣል። ሃይድሮጅኑ ከሰውነት የሚወጣው በውኃ ብቻ ነው፤ ኦክሲጅኑ ግን በውኃም በትንፋሽም ይወጣል። ከሁለት ሳምንት ያህል በኋላ ሽንቱ ሲመረመር፥ በሁለቱ መካከል ካለው ልዩነት የተነፈሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይታወቃል፤ ከዚያም ያወጣው ኃይል ይሰላል።

ይህ መለኪያ ሲወጣ ያልታሰበ ነገር ተገለጠ። አዋቂ ሰዎች የበሉትን በመዝገብ ጽፈው ሲያመጡ፥ በብዙ አገር የጻፉት ገቢ ከተለካው ወጪ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የጻፉት እውነት ቢሆን ኖሮ እየከሱ በሄዱ ነበር፤ ክብደታቸው ግን እንዳለ ነው። ከባድ ሰውነት ያላቸው ሰዎች ደግሞ ይበልጡን ያጐድሉ ነበር። አንዳንዱ ረስቶ፥ አንዳንዱ አፍሮ፥ አንዳንዱም መጠኑን መገመት ስለማይችል ነው። ስለዚህ ዛሬ የሰዎችን አመጋገብ የሚያጠኑ ሊቃውንት የቃል ምስክርን ብቻ አምነው አይቀመጡም፤ በተቻላቸው መጠን ከወጪው ጋር ያስተያዩታል። በአትዎተር ሣጥን ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ችግር አልነበረም፤ እያንዳንዱ ቍራሽ በትንሽዋ መስኮት ከመግባቱ አስቀድሞ ተመዝኖ፥ የተረፈውም በዚያችው መስኮት ወጥቶ እንደ ገና ይመዘን ነበር።